ለማይታወቅ እንግዳ የተጣደ ወጥ

በ1970ዎቹ ገዳሪፍ የኖረ ሐበሻ ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ ቀድሞ የሚያነሣው ፖለቲካውን ነው። ኢዲዩ የት የት ቤት እንደ ነበረው፣ የኢሕአፓ ልጆች በየት በኩል እንደ ገቡ፣ ሕወሓትና ሻዕቢያ በየትኛው ሌሊት ወደ ድንበር እህል እንደ ጫኑ፣ ማን ማንን እንደ ጠቆመ። በዚህ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። ያን ሁሉ ሰው በዓል በመጣ ቁጥር ማን ያበላው እንደ ነበር ግን ተጽፎ አላየሁም። ከጎንደርና ከአርማጭሆ፣ ከወልቃይትና ከትግራይ፣ ከሐማሴንና ከአካለ ጉዛይ ተሰደው የመጡ ሴቶች፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ ውኃ በአህያ ጋሪ እየዞረ በሚሸጥበት፣ ስንት እንግዳ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ከተማ ትልልቅ ድግስ ይደግሱ ነበር። ከእነርሱ ሥር ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እየላጥሁ ያየሁትን መጻፍ አለብኝ ብዬ ከተነሣሁ ቆየሁ።

ገዳሪፍ ከመተማ ማዶ፣ ከጋላባት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብላ የምትገኝ የሱዳን ከተማ ናት። ዙሪያዋ ለዓይን ማረፊያ የሌለው ሜዳ ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ፣ በክረምት ሎሪ የሚውጥ። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለምሥራቅ አፍሪካ ጦራቸው እህል ፍለጋ በትራክተር ማሳረስ ከጀመሩ ወዲህ አገሩ የማሽላና የሰሊጥ አገር ሆነ። ሰፋፊውን እርሻ መሽሩዕ ይሉታል። አረምና አጨዳ ሲደርስ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከትግራይ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ በእኛ አነጋገር ሳሉጉ፣ ከሁመራና ከመተማ አልፎ እስከ ገዳሪፍ ድረስ ይሠራ ነበር። እኛ ከደርግ ሸሽተን ስንደርስ ታዲያ ከተማው ሐበሻ አይቶ የማያውቅ አልነበረም። ገሾና በርበሬ ገበያው ውስጥ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ቀድሞን ነበር።

ለገዳሪፍ የሚመቸው በዓል ገና ነው። ዕንቁጣጣሽ ሲደርስ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ከዶካና ከጋላባት የሚመጣ ሰው የለም። ፋሲካ ደግሞ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፎ ማታ የተሠራ ወጥ ጧት ሲከፍቱት የሚኮመጥጥበት ወቅት ነው። ታኅሣሥ ላይ ግን ሰሊጡ ተጭኗል፣ ማሽላው እየታጨደ ነው፣ ሳሉጉ እጁ ላይ ገንዘብ አለው፣ ሌሊቱም ጋቢ ያስደርባል። የሱዳን የነፃነት ቀንም የሚውለው በዚያው ሰሞን፣ ከገና ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት ስለሆነ ሎሪና አውቶቡስ እንደ ልብ ነበር። የሚበዛው ሰው የሚሰበሰበው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከኡም ራኩባ መጠለያ፣ ከተዋዋ፣ ከሸዋክ፣ ከመሽሩዑ ሁሉ።

የኛ ሆሽ፣ ማለትም ግቢያችን፣ ሁለት ጎጆና በማሽላ አገዳ የተከደነ አንድ ሰፊ ራኩባ፣ ዳስ ነገር፣ ነበረው። ባለቤቲቱን ሁላችን እቴቴ እንላቸው ነበር። የጎንደር ሴት ናቸው፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ ልጃቸውን ቀብረው የመጡ። ለገና ጥሪ የሚባል ነገር አያውቁም። ሐበሻ የሆነ ሁሉ፣ ሐበሻም ባይሆን የሆሹ ጎረቤት የሆነ ሁሉ፣ ያን ቀን ይመጣል ብለው ነው የሚነሡት። አንድ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፣ ስሌት የሚወድ የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ “እቴቴ፣ ስንት ሰው ይመጣል ብለው ነው?” ሲላቸው ቀና እንኳ ሳይሉ “የሚመጣው ይመጣል፤ አንተ ሽንኩርቱን ላጥ” አሉት። ያ መልስ ከግድየለሽነት የመጣ አልነበረም። የሴትየዋ ስሌት ከተማሪው ስሌት የጠለቀ መሆኑን ያየሁት በኋላ ነው። ቁጥሩ ስለማይታወቅ ድግሱ ራሱ እንዲሰፋና እንዲጠብ ተደርጎ ይዘጋጅ ነበር። ሠላሳ ሰው ቢመጣ የማይተርፍ፣ መቶ ሰው ቢመጣ የማያሳፍር።

ገንዘቡ የሚወጣው ከዕቁብ ነው። የሆሹና የአካባቢው ሴቶች በየሳምንቱ ይጥሉ ነበር። ሻይ የሚያፈሉ፣ በሰው ቤት የሚያገለግሉ፣ ከሱቅ ደጅ ሰሊጥ የሚያበጥሩ ናቸው። ሁለት ሱዳናውያትም ነበሩበት፤ በእነርሱ ዘንድ ሰንዱቅ የሚባለው ይኸው ስለሆነ ማስረዳት አላስፈለገም። የታኅሣሥ ዕጣ ለማንም አይወጣም፤ ለገና ነው። እነዚያ ሱዳናውያት የገና ዕጣቸውን ሲለቁ አንድም ቀን ሲያጉረመርሙ አልሰማሁም። በዒድ ጊዜ ደግሞ የእቴቴ ሐላ፣ ትልቁ ድስት፣ ከነምጣዱ ወደ እነርሱ ቤት ይሄዳል። ሠርግም ሐዘንም ሲሆን ትልልቁ የአልሙኒየም ሐላ ከቤት ቤት የሚዞር የሰፈሩ ሁሉ ንብረት ነበር ማለት ይቻላል።

ሥራው የሚጀመረው ጾመ ነቢያት በገባ ማግስት፣ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ በርበሬው ይደለዛል። የሱዳኑ ሸጣ ያቃጥላል እንጂ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ስለዚህ የአገሩን በርበሬ፣ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱንና በሶብላውን በመተማ በኩል የሚመላለሱ ሰዎች በጆንያ ሥር ሸጉጠው ያመጡታል። ሳይበቃ ሲቀር ሁለቱ ይደባለቃሉ። ከዚያ የቋንጣው ጊዜ ይመጣል። የገዳሪፍ የታኅሣሥ ነፋስ ደረቅ ስለሆነ ጨው፣ በርበሬና እርድ የነካው ሥጋ ጥላ ውስጥ ተሰቅሎ በሁለትና በሦስት ቀን እንጨት ይሆናል፤ ይህን ነፋስ ጎንደርም አታገኘው። ዳቦ ቆሎው በጀሪካንና በቅርጫት ይሞላል። ቀይ ሽንኩርቱ ከከሰላ በጆንያ ይመጣል፣ የሰሊጥ ዘይቱ ደግሞ ግመል ከሚዞርበት መጭመቂያ በቀጥታ፣ ገና ሞቅ እንዳለ፣ በቆርቆሮ ይቀዳል። ያን ዘይት የቀመሰ ሰው ሌላ ዘይት ሁሉ ውኃ ይመስለዋል።

የድግሱ ልብ ግን ቁሌቱ ነበር። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም የእቴቴ ብልኃት ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ገናው ሦስት ቀን ሲቀረው ሽንኩርቱ ተልጦ፣ ደቅቆ ተከትፎ፣ ያለ ዘይት ይጣዳል። ከሰሉ ላይ ሐላው ሲግል ሽንኩርቱ የራሱን ውኃ ያወጣል፤ ያ ውኃ እስኪያልቅ፣ ሽንኩርቱ ቡናማ ሆኖ ከግማሽ በታች እስኪወርድ ድረስ እየተፈራረቁ ያማስላሉ። ዘይት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ በርበሬውም ከዘይቱ በኋላ፣ ቀስ በቀስ፣ ጠብ ጠብ በሚል ውኃ እየተረጨ። ሊሠራ ስድስት ሰዓት ቢፈጅ ማንም አይደነቅም። የመጨረሻው ምልክት ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ቀይ መስተዋት ሲሠራ ነው። ያን ጊዜ ውኃ የሚባል በውስጡ የለም፤ ውኃ ከሌለበት ደግሞ አይበላሽም። ቅቤ አይገባበትም፤ ቅቤ ከገባ ጾሙ ይፈርሳል፣ በሙቀትም ቶሎ ይሻግታል። ሐላው ተከድኖ፣ ውኃ በተነከረ ጆንያ ተጠቅልሎ ከዚሩ፣ ከሸክላው የውኃ ጋን፣ ሥር፣ ከሚንጠባጠበው ውኃ አጠገብ ይቀመጣል። ጧትና ማታ አንድ አንድ ጊዜ ይፈላል። እንዲህ ሆኖ ሦስት ቀን ያለ ሥጋት ያድራል።

ይህን ሁሉ የሚሠሩት ሳይቀምሱ ነው። ጾመኛ ምጣድ ላይ ቆሞ አይቀምስም። ጨውን በዓይን ይመትሩታል፣ የበርበሬውን መብሰል በሽታው ያውቁታል፤ እቴቴ ከሆሹ ማዶ ሆነው “ገና ጥሬ ጥሬ ይሸታል፣ አታውጡት” ይሉ ነበር። በጣም ሲጠራጠሩ ከጎረቤት አንድ ሕፃን ይጠራል። በእንጀራ ጫፍ ይሰጠዋል፤ ሁሉም ሴት ሥራዋን አቁማ የልጁን ፊት ታያለች። ልጁ ውኃ ከጠየቀ በርበሬው በዝቷል፣ ደግሞ እጁን ከዘረጋ ልክ ነው። ለወንድ ልጅ ማዕድ ቤት መግባት ነውር ነው ተብለን ያደግን ወጣቶች ይህን ትምህርት ያገኘነው በስደት ነው። እናት፣ እህት፣ ሚስት አጠገባችን አልነበሩም፤ መማር ግድ ሆነ። እስከ ዛሬ ቁሌት ሲሠራ ከሩቅ በሽታው ደረጃውን የምለይ እኔ ከዚያ ሆሽ የወጣሁ ነኝ።

ከአንድ ቁሌት ብዙ ወጥ ይወጣል። ሌሊቱን ጾሙ ሊፈታ ሲል ሐላው ተከፍቶ በየድስቱ ይከፋፈላል። አንዱ ላይ የዶሮው ብልት፣ ዕንቁላሉ፣ ቅቤውና መከለሻው ይገባል። ሌላው ላይ በሬው ወይም ፍየሉ። ሦስተኛው ምስር ይሆናል። እንግዳ ከበዛ ምስሩ ይበዛል፤ ምስር ርካሽ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፣ ቁሌቱ ደግሞ ያው ስለሆነ ማንም የድሀ ወጥ ቀረበልኝ ብሎ አይቀየምም። ሥጋን በሚመለከት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ክርስቲያኑ የእስላም፣ እስላሙም የክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ይህ የአገር ልማድ በስደትም አልተፈታም። ጎረቤቶቻችን ግን አብዛኞቹ እስላሞች ነበሩ፣ ከሐበሻውም ውስጥ እስላሙ ብዙ ነው። ሥጋው ከወጡ ጋር ከመጀመሪያው ቢሠራ ኖሮ ድግሱ ለሁለት ይከፈል ነበር። ቁሌቱ ብቻውን አስቀድሞ መሠራቱ ግን ነገሩን አቀለለው፦ በንጹሕ ድስት ተቀድቶ ለጎረቤቲቱ ለሐጃ ይሰጣል፣ እርሳቸው ባላቸው ያረደውን ዶሮ አግብተውበት እዚያው አጠገብ ያበስሉታል። ሁለቱ ወጥ ጎን ለጎን ሲቀርብ ጣዕሙ አንድ ነው። ከመካከላችን ደግሞ የማንንም ሥጋ የማይነኩ፣ ምስርና ዕንቁላል ብቻ የሚወስዱ ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም። ድርሻቸው ለብቻው በትንሽ ድስት ይቀመጥላቸዋል፣ ያው ነው።

እንጀራው የማሽላ ነው። ጤፍ በድንበር በኩል ሲገኝም ለአራስና ለታማሚ ነበር። የማሽላ እንጀራ ዕለቱን ይጣፍጣል፣ በማግሥቱ ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ አስቀድሞ መጋገርን የሚከለክለው ይኸው ነው። እቴቴ መጀመሪያ ማሽላውን ይመርጣሉ። ፈተሪታ ርካሽ ነው ብሎ የሚያመጣውን ሰው ይመልሱታል፤ ዳበሩ ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ለበዓል እርሱ ይገዛል። ሊጡ ቦክቶ አብሲት ይጣልበታል፤ ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውኃ ተገንፍቶ የሚመለሰው ያ አብሲት በጤፍ ከሚለመደው በእጥፍ ይሆናል፣ ትንሽ የፊኖ ዱቄትም ይጨመራል። መጋገሩ በሌሊት ነው፣ ለሁለት ሌሊት፣ ሴቶቹ እየተፈራረቁ። የሚነደው የሰሊጥ አገዳ ነው፤ ቦግ ብሎ ይነድና ቶሎ ይጠፋል፣ ስለዚህ አንድ ሰው ከምጣዱ ሥር ቁጭ ብሎ ያለ ፋታ ይማግዳል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ከእኛ ከወንዶቹ አንዱ ነበር። ትኩስ እንጀራ አይደረብም። በየሰፌዱ ተዘርግቶ ፈጽሞ ይበርዳል፣ ከዚያ ተደራርቦ በእርጥብ ነጠላ ይጠቀለላል። በግድየለሽነት ገና ሳይበርድ የተደረበ እንጀራ በሁለተኛው ቀን ሲሻግት የአንድ ሌሊት ማገዶና ጉልበት ከንቱ ይቀራልና በዚህ ነገር ላይ እቴቴ ጨካኝ ነበሩ።

ከምግቡ በላይ የሚያሳስባቸው ውኃው ነበር። ገዳሪፍ የውኃ ችግር ያለባት ከተማ ናት። በርሜል የጫነው የአህያ ጋሪ ደወሉን እያንቃጨለ ሲያልፍ ዋጋው እንደ ወቅቱ ነው፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ ይጨምራል። ድግሱ የሚያስከትለው የሳህን አጠባ ከታሰበ የምግቡ ዋጋ ኢምንት ነው። ስለዚህ ሳህን የሚባል አይወጣም። ትልልቅ ሰኒያ፣ ሰፊ ትሪ፣ ይዘረጋል፣ ለስምንት፣ ለአሥር ሰው አንድ፤ እንጀራው ራሱ ሳህን ነው፤ ሲያልቅ ሰኒያው በአመድና በጥቂት ውኃ ይጠረግና ለሚቀጥለው ተራ ይቀርባል። ይህ ለውኃ ተብሎ የተደረገ ነገር ሌላም ሥራ ሠራ። በአንድ ሰኒያ ዙሪያ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ የሚወስኑት እቴቴ ናቸው። የኢዲዩ የነበረውን ሽማግሌ ከኢሕአፓው ልጅ ጋር፣ ከሕወሓት ቢሮ የመጣውን ከኤርትራው ጀብሃ ሰው ጋር ያስቀምጣሉ። በበረሃ እርስ በርስ የተታኮሱ ሰዎች ናቸው። ቡና ሳይፈላ ፖለቲካ የሚያነሣ ካለ “አንተ ልጅ፣ እጅህ ያለው እንጀራው ላይ ነው” ይሉታል፤ ዝም ይላል። ሁልጊዜ ተሳክቷል አልልም። አንድ ዓመት ሁለት ሰዎች ተነሥተው ተያያዙና ከሆሹ ወጥተው ተደባደቡ። ከሰዓት በኋላ ግን ሁለቱም ለቡና ተመልሰዋል፤ ሌላ የሚሄዱበት የበዓል ቤት አልነበራቸውም።

መጠጡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጠላ ነበር። ገሾው ከመተማ ይመጣል፣ ብቅሉ የማሽላ ነው። በ1975 ዓ.ም. ማለቂያ የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኑመይሪ የሸሪዓ ሕግ ሲያውጁ፣ ካርቱም ላይ ውስኪና ቢራ ዓባይ ውስጥ ሲደፋ፣ የገዳሪፍ ጠላ ቤትም ተዘጋ። ጠላና አረቄ በመሸጥ ልጅ የሚያሳድጉ ሐበሻ ሴቶች ላይ የደረሰው ጉዳት ከባድ ነበር፤ ተይዘው የተገረፉም አሉ። እቴቴ ያን ዓመት ጠላ አልጠመቁም። በምትኩ ከሪቦና ብርዝ አዘጋጁ፣ ከርከዴ ዘፈዘፉ። ያን ጊዜ ነው ሐጃ ሁሉ ሙራቸውን ይዘው የመጡት። ሁሉ ሙር ሱዳኖች ለረመዳን አስቀድመው የሚያሰናዱት መጠጥ ነው። ማሽላው ይበቅላል፣ ይፈጫል፣ ከዝንጅብልና ከቀረፋ፣ ከብዙ ቅመም ጋር ተቦክቶ በምጣድ ላይ እንደ ቀጭን ቂጣ ይጋገራል፣ ደርቆ ይቀመጣል። ሲፈለግ ውኃ ውስጥ ይነከርና ስኳር ገብቶበት ቀይ፣ ጣፋጭ መጠጥ ይሆናል፤ አያሰክርም። ሲጋገር ሰፈሩን የሚሞላው ሽታ የእኛን የጠላ አሻሮና ብቅል በእርግጥ ያስታውሳል። ሐጃ ከረመዳን ያስተረፉትን ነበር ያመጡት። ሁለቱ ሴቶች በግማሽ ዓረብኛ በግማሽ አማርኛ የብቅሉን አበቃቀል ሲጠያየቁ ያን ከሰዓት አሳለፉ፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ እቴቴ ከረመዳን በፊት ባለው በሸዕባን ወር ለሐጃ ብቅል ያበቅሉላቸው ጀመር።

በዓሉ በአንድ ቀን አያልቅም። የገና ዕለት ጧት ወጡ፣ ከሰዓት ቡናው፣ ማታ ካሴቱ። ጥላሁን ገሠሠ ሲዘፍን ሱዳኖቹ አብረው ይላሉ፣ የሱዳኑ ወርዲ ሲዘፍን እኛ እናጨበጭባለን። በማግሥቱ ሎሪ አምልጦት የዘገየ፣ ወይም የጉዞ ወረቀቱን ዘግይቶ ያገኘ እንግዳ ይመጣል። መጠለያ ውስጥ ያለ ስደተኛ ያለ ተስሪሕ፣ ያለዚያ የጉዞ ወረቀት፣ ከተማ መግባት ስለማይችል ሁልጊዜም የሚዘገይ አይጠፋም። ለዚያ ነው ቋንጣው የተቀመጠው። የተረፈው እንጀራ በአንገረብ፣ በገመድ አልጋው፣ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ሆኗል፤ ከተረፈ ቁሌትና ከቋንጣ ጋር ተፈርፍሮ በሩብ ሰዓት ይደርሳል። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የሚጣፍጠው ይህ የሦስተኛው ቀን ፍርፍር ነበር፤ ሆን ብለው የሚዘገዩ ሰዎች ነበሩ። ወደ መሽሩዕ የሚመለሰው ሳሉግ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ በከረጢት ሳይቋጠርለት አይሸኝም።

የ1977 ገና እንደዚህ አልነበረም። ከኅዳር ጀምሮ ከትግራይና ከሰሜን ጎንደር በድርቅና በጦርነት የተፈናቀለው ሕዝብ በሌሊት እየተጓዘ በአሥር ሺዎች ድንበሩን ተሻገረ። ወድ ኮውሊ የሚባለው ቦታ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከተማ አከለ። በገዳሪፍ ዙሪያ ባሉት መጠለያዎች በየቀኑ ሰው ይቀበር ነበር። እቴቴ የዕቁቡን ገንዘብ በእጃቸው ይዘው ሴቶቹን ሰበሰቡና ዘንድሮ ሽንኩርት አይገዛም አሉ። የሚያሳስባቸው ቁጥሩ አልነበረም፤ በረሀብ የተጎዳ ሆድ በርበሬና ዘይት እንደማይችል ያውቁ ነበር። በገንዘቡ የማሽላ ዱቄትና ስኳር ተገዛ፣ ሐላዎቹ ተጭነው ሄዱ፣ ቀጭን አጥሚት ተሠራ። ገና ዕለት ሆሹ ውስጥ የነበርነው በጣም ጥቂት ነበርን። ምስርና ዕንቁላል ብቻ ይወስዱ የነበሩት ቤተሰቦችም አልነበሩም። በሌሊት ሄደዋል፣ ማንም አላያቸውም። ከኅዳር 12 ጀምሮ ቤተ እስራኤልን ከገዳሪፍ አካባቢ በአውቶቡስ ወደ ካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ሲያወጣ የነበረው ምሥጢራዊ ዘመቻ ወሬው ወጥቶ የቆመው ታኅሣሥ 27፣ ከገናው ሁለት ቀን በፊት መሆኑን ያወቅነው ቆይቶ ነው። ትንሹ ድስት የማን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባን።

ከዚያ በኋላ ሰው መሳሳት ጀመረ። የተባበሩት መንግሥታት ፎርም የሞላው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ሄደ። ደርግ በ1983 ሲወድቅ ብዙው ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1992 ከደርግ የሸሹ ኢትዮጵያውያን የስደተኛነት መብት ማብቃቱ ታወጀና ኡም ራኩባ ተዘጋ፤ በ2013 በትግራይ ጦርነት ምክንያት ያው ቦታ እንደ ገና ተከፈተ። እቴቴ ያረፉት ገዳሪፍ ነው። ዛሬ በየባሕር ማዶው ያለነው የገዳሪፍ ሰዎች ለገና ስንጠራራ ስንት ሰው እንደሚመጣ በስልክ ተነጋግረን አስቀድመን እናውቃለን። ቁሌቱ በፍሪዘር ለወር ይቀመጣል፣ የጤፉ እንጀራ ከሱቅ ይገዛል፣ ሳህኑ ተጠቅሞ የሚጣል ነው። ነገሩ ቀሏል፤ ለደከሙት እጆች ደስ ይለኛል። የጠፋው ግን ምግቡ አይደለም፤ ያልተጠራ ሰው በር ከፍቶ ሲገባ “ቁጭ በል” ለማለት በቂ ወጥ አስቀድሞ ጥዶ የሚጠብቅ ቤት ነው የጠፋው። በዚህ ነገር ሐዘኔን መደበቅ አልፈልግም።

በ2015 ሚያዝያ 7 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ዕለቱ ቅዳም ስዑር ነበር። ከድሮው ሆሽ ልጆች አንዷ ያን ጊዜም ገዳሪፍ ነበረች። እስከዚያ ጊዜ ከሱዳን ያልወጣችው እርሷ ብቻ ነበረች፣ የእቴቴንም ሐላ የወረሰችው እርሷ ናት። ለራሷና ለሁለት ልጆቿ ብላ የፋሲካ ቁሌት ሠርታ ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ከካርቱም የሸሸው ሰው፣ ሐበሻውም ሱዳኑም፣ በአውቶቡስ ገዳሪፍ ይገባ ጀመር። ያላትን ቁሌት በምስር እያበዛች፣ ሽንኩርት እየጨመረች፣ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ እንዳበላች በስልክ ነገረችኝ። “ስንት ነበሩ?” ብላት “ማን ቆጠረ” አለችኝ። በኋላ እርሷም እንደ ብዙው ሰው በመተማ በኩል ወጣች፤ በኩመር መጠለያ ጥቂት ቆይታ ጎንደር ገባች። ጤፉ፣ ኮሰረቱ፣ ገሾው ሁሉ እዚያ ሞልቷል። የሰሊጥ ዘይቱ ግን እንደ ገዳሪፉ አይደለም ብላ እስከ ዛሬ ታማርራለች።